አሥራ አንድ መስመር

ተማሪዎቹ «ሚዛን» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ነው፤ አሁን ሃያ አንደኛውን ይዟል። የሥነ ዜጋ መምህር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁሉም ልጅ ቤት ነው፣ እዚህ ስለ እምነት ይማሩበታል እንጂ አይሰበክበትም ሲል አፉን ሞልቶ ነው። በዓመት አንዴ ስለ ሁለቱ እምነቶች የሚያስተምርበት ቀን ሲደርስማ ጥንቃቄው ለጉድ ነው። የትኛው እንደሚቀድም ተማሪ ዕጣ ያወጣል። ለአንዱ ሃያ ደቂቃ፣ ለሌላውም ሃያ ደቂቃ፤ ሰሌዳው ላይ ለአንዱ አሥራ አራት መስመር፣ ለሌላውም አሥራ አራት። የትኞቹ እምነቶች እንደሆኑ እኔን አትጠይቁኝ፤ አንዱ የብዙዎቹ፣ ሌላው የጥቂቶቹ ነው፣ ይኸው ይበቃል። እሱ ራሱ ከየትኛው እንደሆነ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ተማሪ አላወቀም።

ዘንድሮ ዕጣው ለብዙዎቹ ወጣ። አሥራ አራቱን መስመር ጻፈ፣ አስረዳ፣ ሰዓቱን አየና ሰሌዳውን አጥፍቶ ወደ ሁለተኛው ገባ። አሥራ አንደኛውን መስመር እንደጨረሰ በሩ ተበረገደ። ዳይሬክተሩ ነው፤ ማንኳኳት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የመጣው ስለ ስፖርት ቱታ ሊናገር ነው። ቱታ! ሰማያዊ መሆን አለበት፣ እጅጌው ላይ ነጭ መስመር ይኑረው፣ እስከ ዓርብ ያልለበሰ ሜዳ አይገባም እያለ ሲያንዛዛው ደወሉ ተደወለ። ሚዛን ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት እንሞላዋለን ሊል አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ በጩኸት እየተጋፉ ሲወጡ ሳይናገር ቀረ። ጥፋቱ ይቺው ናት፣ ሌላ የለችም።

ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፣ ከጥቂቶቹ ወገን። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ደብተሯን ገልጦ አየና መስመሩን በጣቱ ቆጠረ። አሥራ አራት። አሥራ አንድ። ደግሞ ቆጠረ። በሰውየው አልፈርድም፤ በሄደበት ሁሉ ሲጎድልበት የኖረ ሰው ነው፣ መቁጠር ለምዶበታል። በማግስቱ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ዳይሬክተሩ ቢሮ ከች አለ።

የወላጅ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሚዛን የሆነውን ተናገረና ዳይሬክተሩ ራሱ ይመስክር አለ። ዳይሬክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ስለ ቱታው ያስታወቀው በሌላ ቀን እንደሚመስለው ተናገረ። እንደሚመስለው! ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የብዙዎቹ ወላጆች ደግሞ ተነሱና፣ ድሮስ ልጆቻችን የሌላውን እምነት ምን ሊያደርግላቸው ይማራሉ፣ ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ የማን ወገን ነው ብለው ቀወጡት። እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ወገን አንድ ጥያቄ ላይ ተስማማ። በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

ለመልስ አሥር ደቂቃ ሰጡት። ዳይሬክተሩ፣ እሱም ከብዙዎቹ ወገን ነው፣ ክንዱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣው።

«ከኛ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ስትጸልይ ሁለት ጊዜ አይቼሃለሁ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዲት ቃል ተናገር። የኛዎቹ ደረታቸውን ነፍተው ይቆሙልሃል፣ ክፍልህም አይነካም።»

ሚዛን ያቺን ክፍል ይወዳታል። ሌላ የሚወደው ሥራ የለውም፣ ሌላም አይችልም። ሚስቱም ጠዋት ይህንኑ ነበር የለመነችው፤ እውነቱን መናገር ምን ነውር አለው ብላ። ግን ዛሬ ቢናገር ነገ እነዚያ ጥቂቶቹ ልጆች በምን ዓይን እንደሚያዩት አሰበና ተመልሶ ገባ።

«በዚህ ግቢ ውስጥ እኔ አስተማሪ ነኝ» አለ። «ከዚያ ሌላ የምነግራችሁ የለኝም።»

ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ መጽሐፍ ክፍል ተመደበ። መጽሐፍ ክፍሉን ከራሱ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ እንኳ ይሰማል። የታሰሩ መጻሕፍት እየፈታ፣ የተገነጠለ ገጽ እየለጠፈ ሁለት ቀን ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተተኪው መምህር ወደ ክፍሉ ገባ፤ ጎረምሳ ነው፣ ከብዙዎቹ። ትምህርቱን በጸሎት እንደሚጀምርና የማይፈልግ ውጭ መቆም እንደሚችል ሲናገር በችፑዱ በኩል ጥርት ብሎ ተሰማ። የሚዛን ደሙ ፈላ። ጸሎቱ ተጀመረ። ይባስ ብሎ የገዛ ራሱ ጸሎት ነው፤ ዘወትር ጠዋት ከቤቱ ሳይወጣ የሚጸልየው፣ እናቱ በልጅነቱ ያስጠናችው።

በሩን ሲከፍት አምስት ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የልብስ ሰፊው ልጅ ከፊት ናት። አስገባቸውና መጻሕፍቱ ላይ አስቀመጣቸው። ዓይናቸውን ማየት አቃተው። ልጅቷ ደብተሯን አወጣች፣ ያንን ገጽ ገለጠችና እስክሪብቶዋን አዘጋጀች።

«ቲቸር፣ ሦስት መስመር ቀርቶን ነበር» አለች። «አባቴ አላመነኝም እንጂ እኔ እንደሚጨርሱት አውቄ ነበር።»

ሚዛን ሦስቱን መስመር በቃሉ ያውቃቸዋል። ሊነግራት አፉን ሲከፍት ከችፑዱ ማዶ ጸሎቱ አበቃ፤ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ተቀበለ። እሱም ዕድሜ ልኩን እንደለመደው፣ ሳያስበው፣ አብሮ ተቀበለ።

«አሜን።»

አምስቱም ቀና ብለው አዩት።

«እርስዎም?» አለች ልጅቷ።

እስክሪብቶዋን ከደነች፣ ደብተሯን አጠፈችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሦስቱ መስመር ሳይጻፍ ቀረ።