ማጭድ ይዞ የመጣ ደቦ

ሕሊና አዲስ አበባ የነበራትን ደህና ሥራ ትታ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት ስትመለስ ሰፈሩ ያሰበው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ታማለች፣ ወይ ተባርራለች። ጤነኛ ሰው በገዛ ፈቃዱ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ጓዳ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ ይውላል ቢባል ማን ያምናል? አባቷን አቶ ደስታውን በየለቅሶ ቤቱና በየማኅበሩ "ልጅህ ምን ሆነች?" እያሉ ያደርቋቸዋል። "ሥራ ላይ ናት" ይላሉ። "ምን ሥራ?" ሲባሉ ግን ጨዋታውን ወደ ዝናብ ያዞሩታል።

ሥራስ ነበራት። ገበሬ ስልክ ደውሎ በገዛ አፉ "ነገ ይዘንባል ወይ? በቆሎ ቡሬ ላይ እንዴት ዋለ?" ብሎ ሲጠይቅ በድምፅ የሚመልስ ፕሮግራም ነው የምትጽፈው። ማንበብ አይጠይቅ፣ ውድ ስልክ አይጠይቅ። አባቷ የያዟት ቁልፏ የተፋቀ ስልክም ትበቃለች። ሕሊና ይህን ነገር ከልቧ ትወደዋለች፤ ስለሱ ማውራት ከጀመረች ምግቧ ይቀዘቅዛል።

ችግሩ ፕሮግራሙ የከተማ ልጅ መሆኑ ነው። የተማረው ከከተማ ሰዎች ድምፅ ስለሆነ እሷ ስታናግረው ወዲያው ይመልሳል። አባቷ ሲያናግሩት ግን "ይቅርታ፣ አልገባኝም" ይላል። ደግመው ቢጠይቁት ያንኑ፤ ጮኸው ቢጠይቁት ያንኑ።

"አልገባኝም አለች?" አሉ አቶ ደስታው ስልኩን እየመለሱላት። "እኔን ግን ገብታኛለች። ለእኛ ብጤ የተሠራች አይደለችም።"

ሕሊና ያን ለት ምሳ አልበላችም። መድኃኒቱን ታውቀዋለች፤ ፕሮግራሙ የገጠሩን ሰው ድምፅ በብዛት ሰምቶ መማር አለበት። ግን ማን ይናገርላት? ስልኩን ስትደቅንባቸው ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ፤ ወንዶቹ ዳኛ ፊት የቆሙ ይመስል ይደርቃሉ። ስንት ሳምንት ለፍታ ያገኘችው የአባቷንና የእናቷን ድምፅ ብቻ ነበር፤ የእናቷም ግማሹ ሳቅ ነው።

በዚህ መሐል የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ደወለ። እስከ ሰኞ ካልተመለሰች ቦታዋን ለሌላ ሰው ሊሰጡ ነው። እሑድ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ላይ የአካባቢው የኮምፒውተር ኮድ ጸሐፊዎች ተሰብስበው እያንዳንዱ የሠራውን የሚያሳይበት ቀን ነው። ሕሊና ለአባቷ ቁርጡን ነገረቻቸው።

"አባየ፣ እሑድ ካልሠራልኝ ሰኞ እሄዳለሁ።"

"እግዚአብሔር ያውቃል" አሉና በሬዎቹን ሊያዩ ወጡ። በሬዎቹን ገና አሁን አይተዋቸው ነበር የገቡት።

ወደ ምስክር ደወለች። ምስክር ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ የሚያስተምር፣ የአካባቢውን ኮድ ጸሐፊዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበስብ ሰው ነው። አንዴ ሰምቷት "ዓርብ ሁላችንም እንመጣለን፤ ኮዱን አብረን እንየው" አላት። እሷም ይህንኑ ለአባቷ ልታስረዳ ተቀመጠች።

"ዓርብ ጓደኞቼ ይመጣሉ አባየ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከአዴት፣ ከፈረስ ቤትም አሉበት። ሥራዬን ሊያግዙኝ ነው።"

"ትከፍያቸዋለሽ?"

"ኧረ የለም። በልተው ጠጥተው ነው የሚሄዱ። ነገ እኔም የነሱን አግዛለሁ።"

የአቶ ደስታው ፊት በራ። "እንዲህ በይኛ! ደቦ ነዋ!"

"አዎ፣ ደቦ በሉት" አለች ሕሊና እየሳቀች። እሷ የሳቀችበት ነገር ለአባቷ ትልቅ ነገር ነበር፤ የልጃቸው ሥራ ገና አሁን ስም አገኘ። በማግስቱ የኅዳር ሚካኤል ቅዳሴ እንዳለቀ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ እዚያ ማዶ ያለው እስኪሰማ፣ "ዓርብ ልጄ ደቦ አላት! እንዳትቀሩ!" አሉ። ምን ደቦ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። በኅዳር የተጠራ ደቦ ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

ዓርብ ጠዋት ኮድ ጸሐፊዎቹ ላፕቶፓቸውን አንግበው ከባጃጅ ወረዱ። ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ከወንዙ ወዲህ ዘፈን ተሰማ። የላይ ሰፈሩም የታች ሰፈሩም ግልብጥ ብሎ፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እየዘፈነ ይመጣል።

"አባየ፣ ምን አደረጉ?"

"ደቦ ጠራሁ።"

"የእኔ እኮ የኮምፒውተር ነው!"

"እሱንማ አጥቼው ነው? የአዴት ሰው ጠርቼ አጥር የሚያዋስነኝን ጎረቤቴን ልተው? ስሞት ማን ይቀብረኛል?" አሉና ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። "ማጭዱን ተዉት ማለቱን ግን ረስቸዋለሁ።"

የሚታጨድ ነገር ደግሞ የለም፤ የአቶ ደስታው እህል ታጭዶ ተከምሯል። ጓዳ ውስጥ እናቷ ወይዘሮ ጌጥነሽ ለኮድ ጸሐፊዎቹ ብለው ያዘጋጁትን ንፍሮና የጾም ወጥ እያዩ በማርያም፣ በማርያም ይላሉ። ሕሊና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ሰው አዝመራውን ጥሎ መጥቶ፣ በሉና ሂዱ ሊባል ነው? በዚያ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሽማግሌው አያ ሙጬ ከአቶ ደስታው ጋር በአገውኛ ትንሽ ተነጋገሩና ወደ ሰዉ ዞሩ።

"የሚታጨድ የለም ይላል!"

ጓሮው ተናወጠ። አንዱ "ልትቀልዱብን ነው?" ይላል፤ ሌላው "ሳንሠራ የምንበላ ለማኞች ነን?" ይላል፤ አቻምየለሽ የምትባል አፈኛ ሴት የራሷን ጤፍ ትታ መምጣቷን ለሰማይም ለምድርም ታሰማለች። አፉን በነጠላ የሸፈነ የለም። የደረቀ የለም። ሁሉም በሙሉ ጎጃምኛው፣ በሙሉ ጉሮሮው ይናገራል።

የሕሊና ድንጋጤ ድንገት ጠፋ። ስትለምነው የከረመችው ነገር በእግሩ መጥቶ ጓሮዋ ውስጥ ይጮኻል! የቤቱ ደረጃ ላይ ዘላ ወጣች።

"ሥራ አለ! በሚካኤል፣ ሥራ አለ! ዛሬ የምፈልገው ድምፃችሁን ነው!"

"ድምፅ ምን ይሠራልሻል?" አሉ አያ ሙጬ።

"ይች ማሽን የእናንተን አማርኛ አታውቅም አያ ሙጬ። ከተማ ነው ያደገች። ዛሬ ሁላችሁም አናግሯት፤ እነዚህ ልጆች ያላችሁትን ይጽፉላታል። ያኔ ትማራለች።"

አያ ሙጬ አሰቡበት። "ያላደገች ልጅ ናት ማለት ነዋ" አሉና ማጭዳቸውን አጥሩ ላይ ሰቀሉ። ሌላውም ሰቀለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሕሊና ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። በየዛፉ ሥር አንድ ኮድ ጸሐፊ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ገበሬው እየተፈራረቀ ዝናቡንም፣ ገበያውንም፣ የማዳበሪያውንም ነገር እንደልቡ ይጠይቃል፤ ልጁ የተባለውን ቃል በቃል ይጽፋል። ደቦ ያለ ፉክክር አይሆንምና ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ማን ብዙ ተናገረ ተባባሉ። ያፍሩ የነበሩት ሴቶች ተራ ለመያዝ ይገፋፋሉ፤ ደቦ ላይ ማፈር ልግመኛ ያሰኛላ። ከፈረስ ቤት የመጣው ዲያቆን ወልደ ዮሐንስ የዜማ ቤት ነገር አልለቀው ብሎ ሰዉን "ረጋ፣ ጥራ አድርጋችሁ" እያለ ሲያርም ምስክር "ተዋቸው በናትህ! እንዳሉት ነው የምንፈልገው!" ብሎ ጮኸበት። አያ ሙጬ ጥያቄያቸውን በአማርኛ ጀምረው በአገውኛ ጨረሱ። "ይኸንንም ትማረው" አሉ ሲሳቅባቸው። ጎረቤት ከየቤቱ እንጀራና ጠላ ጨመረ፣ ምግቡም ተረፈ። ሕሊና ከዛፍ ዛፍ ትሮጣለች። ደስ ብሏታል፤ እንደዚህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ቅዳሜን ፕሮግራሙ ሲማር ዋለ። እሑድ የሰፈሩ ሰው "የጀመርነውን ሳናይማ አንቀርም" ብሎ ሚኒባስ ሞልቶ ፍኖተ ሰላም ገባ፤ የኮሌጁ አዳራሽ የኋላ ወንበር በጋቢ ነጣ።

የሕሊና ተራ ደረሰ። ስልኳን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝታ ለአባቷ ሰጠቻቸው። ዛሬም አልገባኝም ካለ ነገ አውቶቡስ ውስጥ ናት፤ አቶ ደስታውም ያውቁታል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ? ደህና ነሽ? ቤተ ሰቡ ደህና ነው? እንዲያው ቡሬ ላይ በቆሎ እንዴት ዋለ ነው የሚባል?"

ፕሮግራሙ ወዲያው አልመለሰም። ሕሊና ዓይኗን ጨፈነች።

"በትናንቱ የቡሬ ገበያ" አለ ድምፁ፣ "በቆሎ ካለፈው ሳምንት ጨምሮ ውሏል።"

ጭብጨባው ጣሪያውን አነሣው። አቶ ደስታው ግን ስልኩን አፍጥጠው ያዩታል። "ሰላምታ አትመልስም እንዴ?" ቢሉ ጭራሽ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ከባሕር ዳር የተጋበዘ እንግዳ መድረኩ ላይ ወጥቶ "ይህን የሠራችሁ እስቲ ተነሡ" አለ። ሕሊናና ጓደኞቿ ተነሡ። ከኋላ የወንበር ድምፅ ተሰማ። አያ ሙጬ ቆመዋል። አቻምየለሽ ቆማለች። ጋቢ የለበሰው ሁሉ ቆሟል።

እንግዳው ግራ ተጋባ። "ሁላችሁም ፕሮግራመሮች ናችሁ?"

"ደቦ ነን!" አሉ አያ ሙጬ።

ሕሊና እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አባቷ ከጎኗ ተቀመጡ። ብዙ መንገድ ማሳውን ሲያዩ ቆዩና "የአዲስ አበባው አውቶቡስ በሌሊት ነው አሉ የሚነሣ" አሉ፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ።

"ይነሣ አባየ። እኔ አልሄድም።"

አቶ ደስታው በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። ከዚያ ብድግ ሲሉ ጣሪያው አናታቸውን መታቸው፤ ግድም አላላቸው።

"ሰማችሁ? ልጄ አትሄድም!"

እልልታው ቡሬ እስኪገቡ አላባራም።