የዛን ማንቆርቆሪያ

መጋቢት በገባ በሁለተኛው ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሲራ ጃራ የላሲናን የግቢ በር ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። የጨርቅ ማቅለሚያው ሰማያዊ ገና ከእጇ አልለቀቀም። የመጣችው የሟች ወንድሟን ማንቆርቆሪያ ልትወስድ ነበር።

ወንድሟ ዛን ከሞተ አርባ ቀን እንኳ አልሞላውም። ዕድሜ ልኩን የእንጨት አሻንጉሊት እየጠረበ በትርዒት ላይ ሲያጫውት የኖረ ሰው ነው። ከቀብሩ ማግስት ዕቃው ሲሰበሰብ፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያው፣ ያቺ አረንጓዴና ቢጫ ፕላስቲክ፣ ከበሩ ሥር ጠፍታ ተገኘች። ዋጋዋ ምንም አይደለም። ግን በየሶላቱ ሲታጠብ እጁ የሚነካት እሷን ነበር።

ሲራ የጠረጠረችው የዛንን ተማሪ ላሲና ትራኦሬን ነው። ትራኦሬ ሆኖ ሳለ ጨዋ ሆነባታ! በባማኮ ትራኦሬና ጃራ የተባሉት ጎሳዎች፣ እንደ ወጉ፣ በቀልድ "አደንጓሬ በሊታ" ተባብለው ሳይሰዳደቡ አይተላለፉም። ጃራ ሲሞት ደግሞ ትራኦሬው የሟቹን አረማመድ እያስመሰለ፣ መንገድ ላይ እየተጋደመ፣ "ካልሰጣችሁኝ አይቀበርም!" እያለ ለቀስተኛውን ያስቃል፤ የሆነ ነገር ሲሰጡት ነው የሚነሳው። ላሲና ግን በዛን ቀብር አንገቱን ደፍቶ፣ "አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ ሲራ" ብሏት ሄደ። የሚደብቀው ነገር ባይኖር ትራኦሬ ጃራን ምን ቆርጦት ያከብራል?

ግቢው ውስጥ ላሲናና ሁለት ጓደኞቹ ዕቃ ዘርግተዋል፤ ነጠላ ጫማ፣ ጄሪካን፣ የተሰበረ ማራገቢያ። እነሱ እንጨት አይጠርቡም፤ የሚያጫውቱት የተጣለ ዕቃ ነው። ዛን "ከባልዲ ሰው አይወጣም" እያለ ይስቅባቸው ነበር። ማንቆርቆሪያዋ መሃላቸው ተቀምጣለች።

"ያዝኩህ!" አለች ሲራ።

ላሲና ብድግ አለ። "እትዬ ሲራ፣ እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ።"

"ማን ሰማ?"

"ሁለታችን ብቻ ነበርን።"

"ሟቹን ምስክር ቆጠርክልኝ? ይልቅ በቀብሩ ምን ዘጋህ? አባትህ ቢሆን ቃሬዛው ፊት ተጋድሞ ያስቸግረን ነበር።"

"አፌ እምቢ አለኝ። እንኳን ሰው ላስቅ..." ወደ ማንቆርቆሪያዋ ጎንበስ አለ። "እስቲ ትርዒቱን ይዩት። ከዚያ ይውሰዷት።"

"እዚሁ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ይዘሃት እንዳትሮጥ።"

ላሲና ማንቆርቆሪያዋን በእጀታዋ ያዘ። ማንቆርቆሪያዋ ወደ ግራ እያነከሰች ሄደች፤ ልክ እንደ ዛን። ቆም ብላ ተነፈሰች። ላሲና በአፍንጫዋ እፍ ሲልባት ውስጧ የቀረው ውሃ ተንዶቀዶቀ፤ የዛን ሳል ሆነ። ሲራ በሩን ጨበጠች።

"አንተ ትራኦሬ!" አለች ማንቆርቆሪያዋ በዛን ጎርናና ድምፅ። "ከባልዲ ሰው አይወጣም ብልህ፣ እኔኑ ማንቆርቆሪያ አደረግከኝ? አደንጓሬ በሊታ!"

"አደንጓሬ በሊታስ አንተ!" አለ ላሲና በራሱ ድምፅ። "ድስቱን ብቻህን ጠርገህ፣ ሳትሰናበተኝ ሄድክ!" ከዚያ አፈሩ ላይ ተዘረረ። "እዚሁ ነኝ! ካልተሰጠኝ አይቀበርም!"

ሲራ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በሰማያዊ እጇ ከደነች። ላሲና አልተነሳም። ፊቱ ረጥቧል። እያለቀሰ ነው ወይስ እያታለላት? ትክ ብላ አየችው፤ አልለየላትም። ቢሆንም መንገድ ላይ ለተጋደመ ትራኦሬ አንድ ነገር ሳይሰጡት አይታለፍም።

ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ከቦርሳዋ ያልለየችውን የዛንን ነጭ ቆብ አወጣች። ማንቆርቆሪያዋን ልትጨምርበት ያመጣችውን ፌስታል ግን መልሳ አጠፈችው።

"እንካ!" ብላ ቆቡን ደረቱ ላይ ወረወረችለት። "አሁን ወንድሜን ልቀቀው፣ አንተ ሆዳም ትራኦሬ። ዳግመኛ እርስዎ ብትለኝ ግን ወየውልህ!"

ትርዒቱ በሰኔ ሲታይ ማንቆርቆሪያዋ ቆቡን ደፍታ ወጣች። ዛን ሰጥቶት ይሁን ላሲና አንስቷት፣ ሲራ እስከ ዛሬ አላወቀችም። ባሳዩ ቁጥር ከፊት ትቀመጣለች፤ ሲያልቅ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ማንቆርቆሪያዋ መኖሯን አይታ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው።