አርባኛው ዳሊያ

የሆስፒታሉ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉት ደብዳቤ እንደሚለው፣ አትክልተኛዋ በዋናው በር ግራና ቀኝ ከተተከሉት አርባ የዳሊያ አበባ ተክሎች የሠላሳ ዘጠኙን አናት በመቀስ ቀንጥሳ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት አበላሽታለች። አትክልተኛዋ እንደምትለው ደግሞ የተበላሸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያልተቀነጠሰው።

አርባኛው የተረፈው ኃላፊው ከቢሮ መስኮታቸው አይተዋት፣ ደረጃውን በሩጫ ወርደው መቀሱን ከእጇ ስለነጠቋት ነው። መቀሱ ለማስረጃነት መሳቢያ ገባ። በተረፈው ተክል ወገብ ላይም ቀይ ጥብጣብ አስረው «ይህን ማንም እንዳይነካ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢው በሙሉ አትክልተኛዋን «እትዬ መቀስ» ይላት ጀመር።

የሚፈለግባት ነገር ቀላል ነበር፤ «ጥፋቴን አምኛለሁ» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም። ካልፈረመች በበጋው መጨረሻ የሚያልቀው ኮንትራቷ አይታደስም።

«ፈርሚና ተገላገዪ፣ እህቴ» አለቻት ጓደኛዋ ልብስ አጣቢዋ፣ አንሶላ እያሰጣች። «ስንቱን ሳናምንበት ፈርመናል፤ ይሄኛውን ምን ልዩ አደረገው?»

«እጄ ነዋ። አባቴ ያስተማረውን እጅ አጥፍቷል ብዬ ልፈርም? ዳሊያ አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ አናቱ ይቀነጠሳል። ያኔ ከየቅጠሉ ብብት ቅርንጫፍ ያወጣል። ካልቀነጠስሽው ሽቅብ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«እሱን ለሳቸው ንገሪያቸዋ።»

«ነገርኳቸው። እሳቸውም ሽቅብ ብቻ ነው የሚያውቁት።»

ቀጣዮቹ ሳምንታት ግን ለአትክልተኛዋ አላደሉም። ሠላሳ ዘጠኙ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ቆዩ። አርባኛው እየተመዘዘ ሄደ፤ ከሁሉም ቀድሞ ሰሃን የሚያህል ቀይ አበባ አወጣ። ኃላፊው ሐኪሞቹን እየጠሩ አሳዩት። ዘበኛውም «እትዬ መቀስ፣ የአለቃ ልጅ ተመረቀ እኮ» እያለ ያበሽቃት ነበር። እሷ ውሃ ስታጠጣ አርባኛውን አትዘለውም፤ ተክሉ ምን አጠፋ? እንዲያውም የዳሊያ ግንድ ውስጡ ባዶ መሆኑን ስለምታውቅ፣ ጠንካራ እንጨት ይዛ ቢሮ ድረስ ወጣች።

«በዚህ ልደግፈው?»

«እርስዎ እንዳይነኩት ብያለሁ» አሏት፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

በበጋው ማብቂያ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሲያባራ አርባኛው ከወገቡ፣ ልክ ከጥብጣቡ በላይ ተቀንጥሶ ተኝቷል። ሠላሳ ዘጠኙ ራሳቸውን አራግፈው ቆመዋል። በሳምንቱ በያንዳንዳቸው ላይ አሥር፣ አሥራ ሁለት አበባ ፈነዳ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ የወይን ጠጅ መልክ ያለው። መንገደኛው ሳይቀር አጥሩ ጋ እየቆመ ያይ ጀመር። አትክልተኛዋ እንደየዓመቱ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በኪስ ቢላዋዋ እየቆረጠች ለሕሙማን ክፍሎች ማከፋፈል ያዘች። የምትመርጠው የፈኩትን ብቻ ነው፤ የዳሊያ እንቡጥ አንዴ ከተቆረጠ አይፈካም።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ራሳቸው መጡ። በአንድ እጃቸው መቀሱን፣ በሌላው ወረቀት ይዘዋል። ልብስ አጣቢዋና ዘበኛው እንዳይሰሟቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሐሙስ ለአዲሱ ክፍል ምረቃ እንግዶች ይመጣሉ። ለጠረጴዛው ስልሳ ዘለላ እፈልጋለሁ። ይህችን ይፈርሙና መቀስዎን ይውሰዱ። ኮንትራትዎም ይታደሳል።»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ያው የድሮው ነው። ለፋይሉ ያህል እንጂ ማንም አያነበውም።»

«አበቦቹን አይተዋቸዋል?»

«አይቻቸዋለሁ። አልዋሽም፣ ተሳስቼ ነበር።»

«እሱን ይጻፉታ።»

«እትዬ፣ የትኛው አለቃ ነው ተሳሳትኩ ብሎ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ? ኮንትራትዎ እኮ አርብ ያልቃል።»

አትክልተኛዋ መቀሱን አየችው። ስለቱ ዝገት ጀምሮታል። የአባቷ ነበር። እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ ሳይቀር እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«አልፈርምም። መቀሱንም ወደ መሳቢያዎ ይመልሱት። እስከ አርብ ድረስ በቢላዋዬ እየቆረጥኩ ለሕሙማኑ አደርሳለሁ። ለጠረጴዛዎ ግን፣ አሁን ለኔ ያሉትን ሰሌዳው ላይ እስኪለጥፉ ድረስ አንድ ዘለላ አልቆርጥም።»