በክራንች የሚደረስበት ቤት

ቅርብ ነው ይለኛል ደግሞ፣ ለዚህ ሰው ጂንካ ውስጥ ሩቅ የሚባል ነገር የለም፣ ትናንት ቅርብ ነው ብሎ ወንዝ ማዶ አሻገረኝ፣ ዛሬም ይኸው ጭቃው ጫማዬን እየሳበ፣ እሱ ከፊት ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ እኔ የሰው አጥር እየያዝኩ። ዘሩባቤል። የፈረሰ መቅደስ ያሠራ ሰው ስም ተሸክሞ ለእኔ አንድ የሚከራይ ቤት ማግኘት አቃተው። ደላላ ነው፣ ምህረት ናት ያገናኘችኝ፣ ያረፍኩት እሷ ቤት ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አማኝ ነው፣ አይዋሽም አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ አይዋሽም፣ ለእሱ እግር ቅርብ ነው።

እህቴ፣ ባጃጅ አለ እኮ፣ ይለኛል ዞር ብሎ። ባጃጅ አለ። አከራዮቹም ባጃጅ አለ፣ ምህረትም ባጃጅ አለ፣ የምዛወርበት መምሪያ ዘበኛ ሳይቀር፣ አይዞሽ ባጃጅ እንደሆነ በየበሩ ነው። ማን የለም አለ! እኔ የምፈልገው ባጃጅ የማያስፈልገው ቤት ነው፣ ከበሩ ወጥቶ ሜዳ ሜዳውን ቤተክርስቲያን የሚደረስበት፣ ገበያ የሚደረስበት፣ ቁስሉን የሚያዩለት ሆስፒታል የሚደረስበት፣ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ሲዘንብ የማይሟሟ፣ በእግር፣ ማለቴ በአንድ እግርና በሁለት ክራንች።

መጀመሪያውኑ ቁርጡን ነግሬዋለሁ። ባለቤቴ ሙሴ የከብት ክትባት ባለሙያ ነበር፣ ከሞተር ወድቆ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ፣ ባጃጅ ላይ ሰው ደግፎ ሲያወጣው አይወድም፣ ከሚደግፉት ቤት መቅረት ይመርጣል፣ ስለዚህ ብቻውን ወጥቶ ብቻውን የሚመለስበት ቤት ፈልግልኝ፣ ገባህ? ገባኝ አለ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ከዚያ ዳገት ላይ ያለ ቤት አሳየኝ። የሰው ነገር፣ ማዘኑንማ ያውቅበታል፣ ካዘነልሽ በኋላ ዳገቱን ያስወጣሻል።

አሁን የምንኖርበት ካንጋተን ዳገት የለም። ባይኖርስ፣ አሸዋ ነው፣ ክራንቹ ይሰምጣል፣ አንዱን ሲነቅል ሌላው ይሰምጣል፣ አንድ ቀን ሞከረ፣ ከቤታችን እስከ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ እኔ የምሠራበት፣ መሐል ላይ ሲደርስ ቆሞ ቀረ፣ ወደፊትም አይል ወደኋላም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የኛንጋቶም ጎረምሶች ተሸክመው አመጡት፣ ከብቶቻቸውን ሲከትብላቸው የኖረ ሰው ነውና እንደ ታላቅ ወንድማቸው ነው ያመጡት፣ በክብር፣ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣም። ዳሱ ሥር ተቀምጦ ኦሞ ወዳለበት ያያል፣ ወንዙ ከዚያ አይታይም፣ እሱ ያያል። ዝውውር ስጠይቅ ዕድገት አልፈለግኩም፣ ድንጋይ ነው የፈለግኩት፣ የተነጠፈ ድንጋይ፣ እንዲህ ተብሎ ማመልከቻ አይጻፍም፣ በቤተሰብ ምክንያት ብዬ ጻፍኩ።

ደረስን መሰለኝ። አዎ ደረስን። ሴራሚክ ነው እህቴ፣ ውስጡ ሙሉ ሴራሚክ ነው ይለኛል። ሴራሚክ! እርጥብ ክራንች ሴራሚክ ላይ ምን እንደሚሆን ሰው እንዴት ማሰብ ያቅተዋል፣ ሴራሚኩስ ይቅር፣ በሩ ፊት ቦይ አለ፣ ቦዩ ላይ አንድ ግንድ ተጋድሟል፣ እኔ ሁለት እግር ያለኝ ሰው እጄን እንደ ክንፍ ዘርግቼ ነው የተሻገርኩት። አከራዩ ከውስጥ ሆኖ፣ ለምደውታል፣ ሁሉም በዚሁ ነው የሚያልፈው ይለኛል። ሁሉም። እሺ አባቴ።

ስልኬ ይጮኻል፣ ሙሴ ነው። አገኘሽ? እያየሁ ነው። የት አካባቢ? ገበያው አካባቢ ባገኝ ብዬ ነበር። ራቅ ያለ ፈልጊ፣ ግንብ አጥር ያለው፣ ሰው የማይበዛበት ይለኛል። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የተወለደው ከዚህ ብዙ የማይርቅ የአሪ ቀበሌ ነው፣ የተማረው ጂንካ፣ ግማሹ ከተማ ያውቀዋል፣ የሚያውቀው ግን በሁለት እግሩ ነው፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከንፈር ሲመጡልኝ ከማይ እዚሁ አሸዋው ይዋጠኝ ብሎኛል። ምን ልበለው፣ እኔ ከሰው ላገናኘው ብዬ ጭቃ ላይ እዳክራለሁ፣ እሱ ከሰው ደብቂኝ ይለኛል፣ በመሐል ደግሞ ዘሩባቤል ሴራሚክ ይለኛል።

ዘሩባቤል፣ ስማኝ፣ ቆንጆ ቤት አታሳየኝ። አስቀያሚ ቤት አሳየኝ፣ መንገዱ ብቻ ቆንጆ ይሁን። ቆም ብሎ ያየኛል፣ ገና አሁን የሚያስብ ይመስላል። አንድ አለ፣ ግን አሮጌ ነው፣ ላንቺ አይመጥንም ብዬ እኮ ነው ያለፍኩት። አለፈው! ይኸን ሁሉ ጭቃ ስንረግጥ አለ ማለት ነው፣ ለእኔ የሚመጥነኝን እሱ መርጦልኝ፣ ጌታ ሆይ ምላሴን ጠብቅልኝ። ሂድ፣ ምራኝ።

ከገበያው ጀርባ ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ኖራው ተልጧል፣ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ፣ የገበያው ጫጫታ ጓዳው ድረስ ይገባል። ይግባ። ቤቱን ገልመጥ አድርጌ ወጣሁ፣ የተነጠፈው ድንጋይ ከበሩ ሥር ይጀምራል፣ አንድ እግሬን አጥፌ ግድግዳውን ይዤ እንደ እብድ እየዘለልኩ እስከ መታጠፊያው ሄድኩ፣ ሙዝ የሚሸጡት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዩኛል፣ ዘሩባቤል አፍሮ ወደ ሌላ ያያል። ይፈር። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ግድግዳ አለው፣ ድካም ሲመጣ የሚቀመጡበት የሱቅ ደፍ አለው፣ ቤተክርስቲያኑ ከዚህ ይታያል፣ የሆስፒታሉ መንገድም በዚሁ ነው።

አከራይዋ እትዬ አስካል ናት፣ በሩ ላይ በርበሬና ኮረሪማ ትሸጣለች፣ ከመደቧ ሳትነሳ ትመረምረኛለች፣ ስንት ናችሁ፣ ውኃ ታበዣለሽ ወይ፣ የየት ጉባኤ ናችሁ፣ ባልሽ የት አለ። ነገርኳት፣ ከንፈሯን ትምጠጥና እንገላገል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጠጠችም። ይቆጣል? አለችኝ። አይ፣ ዝም ነው የሚለው። ዝም የሚለው ይብሳል ልጄ፣ ቁጡውንስ ትለምጂዋለሽ። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ፣ ለማልቀስ ደግሞ ጊዜ የለኝም።

ተከራየሁ አልኩት ስደውል፣ የት እንደሆነ ነገርኩት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፣ ድንጋዩን፣ ደፉን፣ ሜዳውን። ኤልዳና፣ እኔ የምናገረው አንቺ ጆሮ አይደርስም አይደል፣ በቃ አንቺ ኑሪበት፣ አለኝ። ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስደውል የቴሌዋ ሴትዮ ናት የምትመልስልኝ፣ ሊያገኟቸው አይችሉም ትለኛለች፣ ኔትወርክ ይሁን ኩርፊያ አትለይልኝም፣ የካንጋተን ነገር፣ ለኩርፊያ የሚመች አገር።

ቅዳሜ ሆነ። ባዶ ወለል እየጠረግኩ ነው፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ፣ እሱ ካልመጣ ምን ልሆን ነው፣ ልመለስ? ለመመለስ ደግሞ ማን ቦታዬን ይጠብቅልኛል፣ አልመለስም፣ እመለሳለሁ፣ ሄጄ ዳሱ ሥር አብሬው ቁጭ ብዬ የማይታየውን ወንዝ ልይ። እኔስ ሰው አይደለሁም? ለእኔ ማን ሜዳ መንገድ ፈለገልኝ፣ አንድ ቀን ደከመሽ ወይ ብሎኛል? ብሎኛል። ብሎኛል፣ መዋሸት ደግም አይደል፣ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ እንኳ እግሬን ዘርግቼ እንድተኛ ጠጋ ይልልኝ ነበር፣ ይኸው ነው የሚያናድደኝ፣ ክፉ ቢሆን ይገላግለኝ ነበር።

ስልክ። ሙሴ ነው ብዬ መጥረጊያውን ጣልኩ፣ ዘሩባቤል ነው። እህቴ፣ መናኸሪያ ነኝ፣ ክራንች የያዘ አንድ ሰው ባጃጆቹን ሁሉ ሂዱልኝ እያለ ነው፣ የአንቺ ሰው ይሆን?

ነጠላ ጫማዬን ተጫምቼ ነው የወጣሁት፣ ሻሽ የለ ምን የለ። ቅዳሜ ገበያ ደግሞ ሰው እንደ ጤፍ ነው፣ ከአሪ ተራራ በቆሎና እንሰት ተሸክሞ የወረደው፣ ከታች ማርና ቅቤ ይዞ የመጣው፣ ፍየል በመሐል፣ ይቅርታ፣ አሳልፉኝ፣ ይቅርታ። ጀርባውን አየሁት። ያ ሰማያዊ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበታል። ክራንቹን ያሳርፋል፣ ራሱን ያሻግራል፣ ያሳርፋል፣ ያሻግራል። አልጠራሁትም። ብጠራው ይቆማል፣ ከቆመ ዙሪያውን ያያል፣ ዙሪያውን ካየ ይመለሳል። ከኋላ ከኋላው እሄዳለሁ፣ ሰው መንገድ ይለቅለታል፣ አንዳንዱ ያያል፣ አንዳንዱ ከንፈር ሊመጥ ነው፣ አትምጠጡ፣ ስለ ጌታ ብላችሁ ዛሬን ብቻ አትምጠጡ።

ሶርሳ። ወይ ጉድ፣ ሶርሳ ከሱቁ ወጣ። ሚዜው ነበር፣ ሰርጋችን ላይ ጃንጥላ ይዞልን የሄደው፣ ሙሴ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ያልደወለ ሶርሳ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሙሴን ያየዋል፣ ቁልቁል እግሩን ያየዋል፣ ሙሴም ቆመ። አበቃ፣ ይመለሳል፣ ሁለተኛ አይወጣም።

ሙሴ፣ አንዱን እግርህን የት ጥለኸው መጣህ? አለው።

ምድር ብትውጠኝ። ብትውጠው። ይኸን የሚያህል ሰው፣ ሚዜ የነበረ፣ እኔ ስንት ወር ቃል እየመረጥኩ፣ እግር አልልም፣ መንገድ አልልም፣ ሩጫ አልልም፣ ቁም እንኳ አልለውም፣ ቃሎቹን ሁሉ ከቤቴ አባርሬ፣ ይሄ ደደብ፣ በገበያ መሐል።

ካንጋተን መያዣ አስይዤው መጣሁ፣ አለ ሙሴ።

ሶርሳ ሳቀ። ሙሴ ሳቀ። ያ ከደረቱ የሚመጣው ሳቁ፣ የጠፋ፣ የሞተ መስሎኝ የነበረ፣ አንዱ ክራንች ወድቆበት የሶርሳን ትከሻ ይዞ፣ ሶርሳ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ፣ በአሪኛ ቀጠሉ፣ እኔ የጎፋ ልጅ ነኝ፣ አንድም አልገባኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል። ግን ተናድጃለሁ፣ እንዲህ ቀላል ከነበረ ለምን አልተነገረኝም፣ እኔ ብዬው ቢሆን ኖሮ ወር ሙሉ ያኮርፈኝ ነበር፣ ለሶርሳ ሳቀ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለቆርቆሮ ሻጭ።

ዞር ሲል አየኝ። ሶርሳ አንገቱን ደፍቶ ሰላም አለኝ፣ አልደወልኩም አይደል አለኝ፣ አዎ አልደወልክም አልኩት። ሙሴን፣ አልመጣም ብለህ አልነበር? አልኩት። ሚኒባሱ ቦታ ነበረው፣ ይለኛል። ሌላ ምንም የለም። ከኦሞ ድልድይ እስከ ቱርሚ፣ ከቱርሚ በአልዱባ አድርጎ እዚህ ድረስ እየተንገጫገጨ የመጣ ሰው መልስ ይሄው ነው፣ ቦታ ነበረው። ወንበሬ መናኸሪያ ቀርቷል፣ ለረዳቱ አደራ ብዬዋለሁ፣ አምጪልኝ አለኝ።

ወንበሩን ጭኖ መጥቷል፣ መሐሉ የተበሳውን፣ የካንጋተን አናጢ የሠራለትን፣ መጸዳጃ ቤት የሚቀመጥበትን። ወይኔ ኤልዳና። መጸዳጃ ቤቱን አላየሁም! ዳገቱን አይቼ፣ ጭቃውን አይቼ፣ ግንዱን አይቼ፣ ሰው ፊት በአንድ እግር ዘልዬ፣ ይሄን ረሳሁ፣ እሱ አልረሳም። የሚኖርበት ቤት ካልሆነ ሰው ይሄን ጭኖ አይመጣም፣ ዛሬ አላምንም፣ ሰኞም እዚሁ ካየሁት አምናለሁ።

ተሸክሜዋለሁ ይኸው፣ ከባድ ነው፣ ዋንዛ መሆን አለበት፣ እነሱ ገና ከሶርሳ ሱቅ ብዙም አልራቁም፣ ሙሴ በየደፉ ይቆማል፣ በየደፉ ሰው ያውቃል፣ እንዲህ ከሄድን ቤት የምንገባው መቼ ነው። ቅቤ የምትሸጥ ሴትዮ፣ ወንበሩ ይሸጣል ወይ ትለኛለች። አይሸጥም እናቴ። ታዲያ ለምን ተበሳ? ምን ልበላት፣ የእሱ ነው፣ ራሱን ጠይቂው፣ ያውና ከፊት ያለው። የምር ጠየቀችው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በአሪኛ፣ ሙሴ ዞሮ አንድ ነገር መለሰላት፣ ሴቶቹ በሙሉ ቅቤያቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ፣ ምን እንዳለ የሚተረጉምልኝ የለም፣ የወንበሩ እግር ትከሻዬን እየወጋኝ ነው፣ እሱ መንገዱን ቀጥሏል፣ ቀስ በል፣ በግራ በኩል ነው፣ በግራ አልኩህ እኮ፣ ሙሴ!