ሚሊንጉና የኤላው ዘፈን

ልጆቼ፣ ወዲህ ወደ ጥላው ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ያ ሸራ የለበሰው ነገር ምንድን ነው እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከርማችሁ የለ? የአያታችሁ የወልደየሱስ ሚሊንግ ማሽን ነው፤ ብረትን በብረት የሚቆርጥ። ዛሬ እሱን ልንገራችሁ።

ከአንድ የተዘጋ ጋራዥ ሲያመጣው ዶሮ የሚሰፍርበት ዝገት ነበር። ጓሮ ውስጥ ቆርቆሮ መትቶ አስገባውና ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታታ፣ በላምባ አጠበ፣ በሞረድ ፋቀ። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል ነገር አላየሁበትም። እራት አቀርባለሁ፣ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፣ ገና ጎረስ ሳያደርግ አንዴ ልየው ብሎ ይነሳል። ሞተሩ ዞረለት፤ ያኔም አላረፈም። ጠረጴዛውን በራሱ ወደ መቁረጫው የሚገፋው ማርሽ አልቆ ስለነበር በመዘውር፣ በእጅ መግፋት ግድ ሆነ።

በዚህ መሀል ሁቃ የሚባል ከብት አርቢ ከድንበሩ አጠገብ ካለው ከጎልቦ ቆላ መጣ። የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ ሻፍት፣ የሚዞረው ዘንጉ፣ ተሰብሮ ውሃ ቆሟል። አዲሱን ሻፍት አስጠርቦ ይዟል፤ የቀረው ፑሊውን፣ ቀበቶው የሚዞርበትን ጎማ፣ ከሻፍቱ ጋር አጥብቆ የሚይዘው ትንሽ ብረት የሚገባበት ጠባብ ቦይ ነው። ቦዩ ከሌለ ፑሊው ብቻውን ይዞራል፣ ውሃ አይወጣም። ናይሮቢ ልኮ እስኪመለስ ደግሞ ከብቱ አይጠብቅም። ለዚያ ልክ የሚሆን መቁረጫ እኛ ጋ ሁለት ብቻ ነበር።

አያታችሁ ሻፍቱን አሰረና ጀመረ። መዘውሩን ሲገፋ ይቸኩላል፣ ደንገጥ ብሎ ያቆማል፣ መልሶ ይገፋል። መቁረጫው ቀጭ አለና ተሰበረ። ሁለተኛውን አንስቶ ጓሮውን ይዞር ጀመር፤ ከማሽኑ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ማሽኑ። እሱም ከተሰበረ ለሁቃ ምን ይባላል?

ሁቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ቆየና፣ "ፉንዲ፣ ከማሽኑ ይልቅ አንተ ነህ አብዝተህ የምትሽከረከረው" አለው፤ ፉንዲ ማለት ባለሙያ ነው።

ሳቅኩ፤ አያታችሁም ሳይወድ ሳቀ። ያኔ ሁቃ ይሄ መዘውር የሚፈልገው ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። እኩል መሄድ ነው አለው አያታችሁ፤ መቸኮል የለ፣ መቆም የለ።

"ይሄማ የኤላ ሥራ ነው" አለ ሁቃ፣ ተነስቶ እጁን በልብሱ እየጠረገ።

ኤላ እነ ሁቃ ከብት የሚያጠጡበት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ሰዎች አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ባልዲ ይቀባበላሉ። አንዱ ቢቸኩል ውሃው ይደፋል፣ ቢዘገይ ባልዲው የታችኛው ሰው ክንድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እየዘፈኑ ነው የሚቀዱት፤ እጅን የሚመራው ዘፈኑ ነው።

አያታችሁ መዘውሩን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። መቁረጫውን አየ፣ እጁን አየ፣ ፈቀቅ አለ። ሁቃ ዝቅ ባለ ድምፅ እየዘፈነ ማዞር ጀመረ። አያታችሁ ዘይት እያንጠባጠበ አጠገቡ ቆመ፤ እግሩ ግን አላርፍ ብሎ መሬቱን ይመታል። ብረቱ ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይፈነጠራል። ዘፈኑ ሳይቋረጥ ቦዩ ምልክቱ ላይ ደረሰ። መያዣውን ብረት ሲያስገቡት ጥብቅ ብሎ ገባ።

ሁቃ ሻፍቱን ይዞ በሞተር ሳይክል ሄደ። አያታችሁ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ዋለ። ሲደወል ሁቃ ስልኩን ወደ ገንዳው አዙሮት ኖሮ የውሃና የከብት ድምፅ ብቻ ተሰማ። ያን ቀን እራቱን ተቀምጦ ጨረሰ። በማግስቱ ግን ከእራቱ እንደገና ተነሳ፤ እሱ መቼ ይለወጣል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ ቀን ሸራውን ገልጣችሁ ልትሠሩበት ብትነሱ፣ መዘውሩን የሚይዘው ሰው ይዝፈንበት። ይቺን አስታውሱልኝ።