ቀይ ነጥብ ያለበት መለኪያ

ዝላትካ ቀዩን ነጥብ ያየችው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ሰገነቱ ላይ በርበሬ እየጠበሰች ሳለ እጇን ልትጠርግ መሐረብ ፈለገች። ከጠመንጃ ፋብሪካው የሥራ ልብሷ ኪስ ግን ጣት የምታህል ብረት ወጣች። ብረቷን ወደ መብራቱ አዞረቻት። ጫፏ ላይ ቀይ ቀለም ነበር።

የበርበሬው ቅርጫት ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

አዲስ ጠመንጃ የሚፈተሽበት መለኪያ ነጥብ የለውም። ቀይ ነጥብ ያለበት ከጦሩ ለጥገና ለሚመለሱ አሮጌዎች ነው፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ይረዝማል። ፍተሻው ቀላል ነው። መለኪያው ጥይቱ በሚቀመጥበት ይገባል፣ ከዚያ መዝጊያው ይገፋል። መዝጊያው እንቢ ካለ ጠመንጃው ደኅና ነው። ከተዘጋ ክፍተቱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ሲተኮስ ቀለሁ ፈንድቶ እሳቱ በተኳሹ ፊት ላይ ሊመለስ ይችላል። በረጅሙ መለኪያ ከሆነ ግን ክፍተቱ ቢሰፋም መዝጊያው እንቢ ይላል።

ጠዋት ከአምስቱ የጨረታ ናሙናዎች አራቱን በትክክለኛው ፈትሻለች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ከጥገና ክፍል ጠሯት፤ እዚያ ባለ ቀይ ነጥቡን ይዛ ሠራች። ስትመለስ ኪሷ ውስጥ ባገኘችው ለካች፤ እንቢ አለ፤ ፈረመች።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እነዚያን ጠመንጃዎች በጨረታው ኮሚሽን ፊት የምትተኩሰው የፋብሪካው ተኳሽ፣ የገዛ ልጇ ራዶስቲና ናት።

ምድጃውን ማጥፋቷን ሁለት ጊዜ አይታ ወጣች። ደረጃውን እየወረደች ደወለች።

"ራዲ፣ የት ነሽ?"

"ተኩስ ሜዳው አጠገብ ያለው ሆቴል ነኛ፣ እማ። ምነው?"

"በላሽ?"

"ለዚህ ነው የደወልሽው?"

"ነገ ፊትሽን... መነጽሩን ታደርጊያለሽ አይደል?"

"ደግሞ ጀመረሽ! ባለፈው ሳምንት መብረቅ፣ ከዚያ በፊት የአውቶቡሱ ፍሬን። ዛሬስ ምን ታየሽ?"

"ምንም። በይ ተኚ።"

"ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ነው እኮ!" ራዲ ሳቀች።

ልትነግራት ነበር፤ ሳትነግራት ስልኩን ዘጋች። ወደ ፋብሪካው እየሮጠች የምታየው የልጇን ፊት ብቻ ነበር፤ ግማሹ በፋሻ ተጠቅልሎ።

ጨረታው ለጦሩ የሚገዛ የሠላሳ ሺህ ጠመንጃ ነው። ከዋና ከተማው ከሶፊያ በወጣ በሳምንቱ ከአራት አገር ሻጮች ጎርፈዋል። ሰነዱ ብቻ አሥራ ሰባት ማኅደር ሞልቷል። ናሙናዎቹ በአሸዋ ይቀበራሉ፣ በጭቃ ይነከራሉ፣ በረዶ ቤት ይገባሉ፣ ከዚያ ይተኮሳሉ። ባለፈው ጊዜ ግን ፋብሪካው በአሸዋም በጭቃም አልወደቀም፤ አንድ ገጽ ማኅተም ጎድሎት ነው የተባረረው። በዚያ ክረምት መቶ አርባ ሰው ተቀነሰ። ባሏ አንዱ ነበር፤ ዛሬ ጀርመን አገር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሸከማል።

የፋብሪካው የጦር መሣሪያ ክፍል የሚዘጋው በሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ በዘበኛው፣ ሌላው በእሷ እጅ። የናሙናዎቹ ሣጥን እስኪታሸግ ድረስ ነበር አስፈቅዳ ወደ ቤት የሄደችው። ሽማግሌው ዘበኛ ስታሜን ማንቆርቆሪያ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"መጣሽ የኔ ልጅ? ቀስ በይ፣ ደፉ እርጥብ ነው። ለጠመንጃዎቹ መንገድ ውሃ ደፍቼበታለሁ፤ እንደ ውሃ ይቅናቸው ብዬ።"

"የሚሄዱት ነገ ጎሕ ሲቀድ አይደል፣ ጋሽ ስታሜን?"

"ነገማ ልረሳው እችላለሁ።"

ውስጥ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ቬሊችኮቭ የሣጥኑን የሽቦና የእርሳስ ማኅተም ጠቅጥቆ ጨርሷል። ዝላትካ መለኪያውን ክዳኑ ላይ አስቀመጠችው። ቀዩን ነጥብ አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

"የትኛውን?"

"አምስተኛውን።"

"ደኅና ሊሆን ይችላል።"

"ይችላል። ከፍተን እንየው።"

"ከፍተን ቢወድቅስ? መዝገብ ላይ ልንጽፈው ነው። የአምስቱንም ቁጥር ትናንት አስገብተናል፤ ሌላ መተካት አይቻልም። አራት ይዘን ከቀረብን ወይ ነጥብ ይቆርጡብናል ወይ ከበር ይመልሱናል።"

"የምትተኩሰው ልጄ ናት፣ ኢንጂነር።"

 ቬሊችኮቭ ድምፁን አለሰለሰ።

"ራዲ አምስተኛውን አትነካውም። ቃሌ ነው። ሌላውን ተኳሽ፣ ፔንቾን እልከዋለሁ፤ እሱ ይተኩሰው።"

ልጇ ከተረፈች ለዝላትካ ይህ በቃት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ቁልፏን አውጥታ ወደ በሩ ሄደች።

"ፔንቾ ሊተኩስ ነው?" አለ ስታሜን ከደጅ። "እሰይ! ጊንካ ደስ ይላታል። ልጄን ሁልጊዜ ወደኋላ ያስቀሩታል እያለች ስታማችሁ ነው የከረመችው።"

ጊንካ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባኒጻ የሚባለውን አይብ ያለበት ቂጣ ትሸጣለች። ጠዋት ጠዋት ለዝላትካ ከመሃሉ፣ አይብ የበዛበትን ቆርጣ በወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጥላታለች።

ዝላትካ ደፉ ላይ ቆመች።

"ለፔንቾ ይነገረዋል?"

"ይነገረውና ይፍራ?" አለ ቬሊችኮቭ። "የፈራ ተኳሽ ይስታል።"

ተመለሰች። ከግድግዳው ላይ የሽቦ መቁረጫውን አነሳች፤ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ዝላትካ! ነገ ስድስት መቶ ሰው ነው እዚህ በር ላይ የሚያለቅስብሽ!"

"አውቃለሁ። አብሬያቸው አለቅሳለሁ።"

ማኅተሙን ቆረጠች። ነጥብ የሌለውን መለኪያ ከቁምሳጥኑ አውጥታ አምስተኛው ጠመንጃ ውስጥ ከተተች፤ መዝጊያውን በአውራ ጣቷ ገፋችው። እንቢ አላለም። እንደ መልካም መሳቢያ ድምፁን ሳያሰማ ተዘጋ።



መዝገቡን ሳበችና ጻፈች፦ "አምስተኛው በእኔ ስህተት አልፎ ነበር። ወጥቷል።" ፈረመችበት።

"ከተባረርን ለሁሉም ስምሽን ነው የምነግራቸው" አለ ቬሊችኮቭ።

"ይንገሩ። ጽፌዋለሁ።"

የማኅተሙን መጠቅጠቂያ ሲያነሳ አላያትም። ሣጥኑን አራት ጠመንጃና አንድ ባዶ ቦታ እንደያዘ እንደገና አሸገው፤ ዝላትካም አምስተኛውን መደርደሪያው ላይ አቆመችው። ሲወጡ ስታሜን ማንቆርቆሪያውን ነቀነቀው።

"ትንሽ ቀርታለች። ደግሜ ልድፋ?"

"ድፋ፣ ጋሼ።"

ውሃው ደፉ ላይ ፈሰሰ። ስታሜን ቁልፉን አዞረ። የዝላትካ ቁልፍ ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ሳተ።

"ልያዝልሽ?"

"ተወው፣ እኔው እዘጋዋለሁ።"

በሦስተኛው ገባላት፤ እስከ መጨረሻው አዞረችው።