የቦራ የጨው ገንዳ

ገብርኤልን! አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። ውሸት ከተገኘብኝ ይህች ምላሴ እንደ አሮጌ ባትሪ ጫፍ ትዛግ። ደግሞም ምስክር አለኝ።

የመርሳን ከተማ የሚያውቅ እኔን ዮሴፍን ያውቃል፤ ባትሪ ቻርጅ አድራጊው ነኝ። ከደሴ እስከ ቆቦ ያለ የሞተ ባትሪ ስሜን ሲሰማ ነፍስ ይዘራል። አልነሳም ያለውን ደግሞ፣ ካበጠ የሞባይል ባትሪና ከተሰባበረ ሬዲዮ ጋር በጆንያ አጭቄ፣ ወልድያ ላለ ሰብሳቢ ማድረስ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ።

በዚያ ማለዳ የወልድያው ሚኒባስ እስኪሞላ ውስጡ ተቀምጠናል። ሾፌሩ ሀብቴ ጆንያዬን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሽ ዮሴፍ፣ ይሄ ነገር መንገድ ላይ እሳት ቢያስነሳብኝስ?»

«እኔ ባለሁበት ባትሪ ይፈራል እንጂ አያስፈራም!» አልኩና ከኋላ ወንበር ሥር ገፋሁት።

እዚያ ወንበር ላይ ጎረቤቴ ብዙነሽ ተቀምጣለች። ትንሿ ልጇ እየሩሳሌም ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ እግሮቿ ጆንያው ላይ ተንጠልጥለዋል። ከፊቴ የተቀመጠው የግራናው ሽንኩርት ነጋዴ ኢስሐቅ ዞር ብሎ፣ «ለዚህ ቆሻሻ ደግሞ የሰው ሂሳብ ይከፈልለታል?» አለኝ።

«ቆሻሻ ትላለህ? ይሄ ገዳይ ነው! የቦራን ታሪክ አልሰማህም ማለት ነው።»

ጀመርኩለት። ቦራ የብዙነሽ ላም ናት። ብዙነሽ ከእሷ ሌላ የላትም፤ ወተቷን ለሻይ ቤቶች ትሸጣለች፣ የተረፈውን ልጅቱ ትጠጣለች። ታዲያ አንድ አላዋቂ የጭነት መኪና ባትሪ ቆርጦ፣ አሲዱን ደፍቶ፣ አሞሌ ማላሻ ገንዳ አድርጎ ሰጣት።

«ማነው እሱ?» አለ ኢስሐቅ።

«አንድ አላዋቂ አልኩህ እኮ! እርሳሱ፣ ያ መርዘኛ ብረት፣ ከታች ተጣብቆ ቀርቷል። ከብት ደግሞ እርሳስ ይጣፍጠዋል። ቦራ ጨዉን ጨርሳ ገንዳውን መላስ ያዘች። ሲውል ሲያድር ዓይኗ ጠፋ፤ ጥርሷን እያፋጨች በግንባሯ ግድግዳ ትገፋ ጀመር። ግድግዳው ሊፈርስ!»

ሀብቴ እንኳ መሪውን ትቶ ዞረ። እኔም ጋለብኩ። ጩኸቱን ስሰማ ነፋስ ቀድሜ እንደደረስኩ፣ ሰባት ጎረምሳ መያዝ ያቃተውን ላም በአንድ እጄ ቀንዷን፣ በሌላው ገንዳውን ይዤ እንዳላቀቅኩ፣ በጆሮዋ ስጮህባት ዓይኗ ቦግ ብሎ እንደበራ ነገርኳቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ደርሶ፣ «ለእኔ ምን ተረፈኝ?» ብሎ ግንባሬን ሳመ። ማታ ስትታለብ ቅሉ አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ጀሪካን ተለመነ።

«ወላሂ፣ ጋሽ ዮሴፍ፣» አለ ኢስሐቅ እየሳቀ፣ «ትንሽ ብትቆይ ላሚቱን ታናግራት ነበር!»

«አላመንክም? ባለቤቷ ይቻት! ጠይቃታ!»

ሁሉም ወደ ኋላ ዞረ። ብዙነሽ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጥ አደረገች። አኳኋኗ ደስ አላለኝም።

«ቦራ ሞታለች፣» አለች፤ ድምጿ ልጅቷን እንዳይቀሰቅስ የፈራች ይመስላል። «ጋሽ ዮሴፍ የመጡት ከቀበርናት በኋላ ነው።»

ኢስሐቅ ሳቁን ዋጠ። «ገንዳውንስ ማን ሰጠሽ?»

«እሳቸው ናቸው። ለክፋት አልነበረም። የእንጨቱ ሲበሰብስብኝ አይተው፣ ‹ይሄ ዕድሜ ልክሽን ያገለግልሻል› ብለው ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው ተሸክመው አመጡልኝ። እኔም መርቄያቸዋለሁ።»

ሞተሩ ተነሳ። ማንም ወደ እኔ አላየም።

«እና አሁን ወልድያ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ሀብቴ በመስታወቱ እያያት።

«እየሩስን ላስመረምር። ያን ወተት ስትጠጣ ከርማለች፤ ሰሞኑን ሆዴን ትላለች፣ ምግብ እንቢ አለች። ደሟን ይዩልኝ ብዬ ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጅቷን እግሮች ከጆንያዬ ላይ አነሳችና በነጠላዋ ሸፈነቻቸው።